አድራሻው የማን ነበር? ጎግል ነፃ ዌብሳይቶቹን ሲዘጋ ትናንሽ ቢዝነሶች የገጠማቸው (የጉዳይ ጥናት)

በማርች 2024 (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው) ጎግል በቢዝነስ ፕሮፋይል (ቢዝነሶች ማፕና ሰርች ላይ የሚታዩበት ነፃ ገፅ) ውስጥ የነበረውን ነፃ የዌብሳይት መስሪያ ዘጋው። መስሪያውን ብቻ አይደለም፣ በሱ የተሰሩትን ሳይቶችም ጭምር። እንዲህ አይነት ነገር ሲመጣ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ "አሁን በምን እንስራ፣ ዊክስ ይሻላል ወርድፕረስ" የሚለው ነው፣ ይገባኛል፣ ስራውን ብቻውን ለሚያንቀሳቅስ ሰው መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ግን አንድ ገፅ ዌብሳይት እኮ በአንድ ከሰአት ተመልሶ ይሰራል። ተመልሶ የማይሰራው ለዓመታት በካርድ፣ በስቲከር፣ በሰው ስልክ ውስጥ ሲበተን የቆየው አድራሻ ነው፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ ያ አድራሻ የባለቤቱ አልነበረም። ይሄን ጉዳይ መርጬ በዝርዝር የምፅፈው ለዚህ ነው። ኩባንያው አንድ፣ ውሳኔው አንድ፣ ቀኑ አንድ ሆኖ እያለ በተለያዩ ባለቤቶች ላይ የደረሰው ግን ለየቅል ነው፣ ልዩነቱን ያመጣው ደግሞ የሳይቱ ማማር ወይ የማርኬቲንግ ችሎታ አይደለም፣ አድራሻው በማን ስም ተመዝግቧል የሚለው ነገር ነው።

መስሪያው ምን ነበር

የወጣው በጁን 2017 ነው፣ ያኔ አገልግሎቱ ጎግል ማይ ቢዝነስ ይባል ነበር፣ ጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል የሚለው ስም የመጣው በኖቬምበር 2021 ነው። ሀሳቡ በጣም ጥሩ ነበር፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። አንድ ባለቤት ጎግል ማፕ ላይ ስሙን፣ ስልኩን፣ የስራ ሰአቱን፣ ፎቶዎቹን አንዴ ሞልቷል፣ ከዛ አንድ ቦታ ሲጫን እነዛን መረጃዎች ይዞ ባለ አንድ ገፅ ሳይት ራሱ ይሰራለታል፣ ስልክ ላይም በደንብ ይታያል፣ "ደውሉ" ወይም "አቅጣጫ አሳየኝ" የሚል በተን ይኖረዋል። ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ መከራየት) የለም፣ አፕዴት የለም፣ ሀክ ተደረገ ምናምን የለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕሮፋይሉ ላይ ሰአት ሲቀየር ሳይቱ ላይም ይቀየራል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ የትናንሽ ቢዝነስ ዌብሳይት ብዙውን ጊዜ ደንበኛ የሚያጣው ዲዛይኑ ስላስጠላ አይደለም፣ እላዩ ላይ ያለው ስልክ የድሮ ስለሆነ ወይ "ክፍት ነን" ብሎ በሩ ዝግ ስለሆነ ነው።

አድራሻው ግን የቢዝነሱ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ "ዶት ቢዝነስ ዶት ሳይት" የሚል ነበረው። የራሳችሁን ዶሜን (በስማችሁ የሚመዘገብ የኢንተርኔት አድራሻ) ገዝታችሁ ከሳይቱ ጋር ማያያዝም ይቻል ነበር፣ በዓመት የሚከፈል ነገር ስለሆነና ነፃውም ስለሚሰራ ያንን ማለፍ በጣም ቀላል ነው፣ ማንም ሰው ያልፈዋል። ሳይቱ ይከፈታል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ ታዲያ ለምን ይከፈላል? ልዩነቱ በየቀኑ ስራ ላይ ምንም አይታይም፣ የሚታየው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቀኖቹ

በጃንዋሪ 2024 ጎግል የእርዳታ ገፁ ላይ ማስታወቂያ አወጣ። በማርች ሳይቶቹ ይዘጋሉ፣ ወደ ሳይቱ የሚመጣ ሰው ወደ ቢዝነስ ፕሮፋይሉ ይዛወራል፣ ይሄ ማዛወር እስከ ጁን 10 2024 ይሰራል፣ ከዛ በኋላ ሊንኩን የሚነካ ሰው "ገፁ አልተገኘም" የሚል ነገር ያያል። ጎግል አድስ ላይ ማስታወቂያ የሚያሰሩና ማስታወቂያቸው ወደዛ ሳይት የሚወስድ ደግሞ ከማርች 1 ጀምሮ ሊንኩን እስኪቀይሩ ድረስ ማስታወቂያው ይቆማል። በዛው ገፅ ላይ ሌሎች የዌብሳይት መስሪያዎች በአማራጭነት ተዘርዝረው ነበር።

ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም ማለት አይቻልም፣ ተሰጥቷል። ግን ሁለት ወር ገደማ ማለት ለትልቅ ድርጅት ረጅም ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ጠዋት ከፍቶ ማታ ለሚዘጋ ባለሙያ ግን ኢሜሉን በደንብ ሳያይ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

ሶስት ባለቤት

አሁን ሶስት አይነት ባለቤት አስቡ፣ ሶስቱም በዚህ መስሪያ ሳይት ሰርተዋል።

የመጀመሪያው ነፃውን አድራሻ ብቻ የያዘው ነው። እሱ ላይ የደረሰው በሁለት ደረጃ ነው፣ እኔ በጣም አደገኛ የምለው ደግሞ የመጀመሪያውን ደረጃ ነው፣ ምክንያቱም ከማርች እስከ ጁን 10 ሊንኩ ሲነካ አንድ ነገር ይከፈታል። ባለቤቱ ራሱ ስልኩ ላይ ሞክሮ የማፕ ፕሮፋይሉን ያያል፣ ስሙ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ስልኩ አለ፣ በቃ ሰላም ነው ብሎ ይተወዋል። ያቺ ጊዜ ነበረች እኮ ካርዱን የሚያስቀይርባት፣ ለደንበኞቹ አዲሱን አድራሻ የሚልክባት፣ ግን ምንም የተበላሸ ስለማይመስል ዝም ብላ ታልፋለች። ከዛ ጁን 10 ያልፍና አድራሻው ባዶ ይሆናል፣ ያኔም የሚነግረው የለም፣ ምክንያቱም ሊንክ ነክቶ ያልተከፈተለት ደንበኛ ደውሎ "ሳይታችሁ አይሰራም" አይልም፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል።

ሁለተኛው የራሱን ዶሜን አያይዞ የነበረው ነው። የሱም ሳይት ተዘግቷል፣ ሳይቱን በማጣት ከመጀመሪያው እኩል ነው። ግን ሌላ ቦታ አንድ ገፅ ሰርቶ ዶሜኑ የተመዘገበበት አካውንት ውስጥ ገብቶ የዲኤንኤስ መስመሩን (ዶሜኑ ወደ የትኛው ሳይት እንደሚወስድ የሚናገረውን) ወደ አዲሱ ቦታ ሲያዞር ካርዱም፣ ስቲከሩም፣ ሰው ስልክ ውስጥ ያለው ሊንክም መልሶ ይሰራል። በጣም የምወደው ነገር ደግሞ ይሄ ሰው ቢዘገይም ችግር የለውም፣ በሜይ ያልሰራውን በኦገስት ቢሰራው፣ በሚቀጥለው ዓመት ቢሰራውም፣ ዶሜኑ እስከታደሰ ድረስ የድሮው ካርድ በሙሉ በአንድ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። የመጀመሪያው ባለቤት ግን ከጁን 10 በኋላ ገንዘብም ቢኖረው፣ ባለሙያም ቢቀጥር የድሮውን አድራሻ ማስነሳት አይችልም።

ሶስተኛው ማስታወቂያ የሚያሰራው ነው። እሱ ችግሩ ቶሎ ይመጣል ቶሎም ይስተካከላል፣ ሊንኩን ቀይሮ ማስታወቂያውን ማስቀጠል ነው። አካውንቱን የማይከታተል ከሆነ ግን ስልክ መደወል ሲቀንስ "ወቅቱ ነው፣ ገበያ ቀዝቅዟል" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የማስታወቂያ አካውንትን በሳምንት አንዴ ከፍቶ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም እዚህ ላይ።

ማንን ነው ያጣው

እዚህ ጋር ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ስለሆነ። ሳይቱ ሲዘጋ ፕሮፋይሉ አልተዘጋም። ሪቪው አለ፣ ፎቶ አለ፣ ማፕ ላይ ያለው ቦታ አለ። ጎግል ራሱ እንደሚለው የአካባቢ ሰርች ውጤት የሚወሰነው በዋናነት በሶስት ነገር ነው፣ የተፈለገው ነገር ከቢዝነሱ ስራ ጋር መግጠሙ፣ ርቀቱ፣ እና ቢዝነሱ ምን ያህል የታወቀ ነው የሚለው። ስለዚ ስልኩን አውጥቶ "ቅርብ ያለ ፀጉር ቤት" ብሎ የሚፈልግ አዲስ ሰው አሁንም ሊያገኛቸው ይችላል። ያላገኛቸው ማን ነው? አስቀድሞ የሚያውቃቸው ሰው። ካርዳቸውን ቦርሳው ውስጥ የያዘ፣ ጓደኛው ሊንክ የላከለት፣ ባለፈው ዓመት ሰርተውለት በደረሰኙ ግርጌ ባለው አድራሻ ሊመለስ የፈለገ። ማለትም ለማግኘት ብዙ የተለፋበት፣ ሊገዛ የተዘጋጀ ደንበኛ ማለት ነው። ማርኬቲንግ ውስጥ ሁሌ ስለ አዲስ ሰው ነው የሚወራው፣ ይሄ ጉዳይ ግን የጎዳው የድሮውን መንገድ ነው።

ይሄ አድራሻ የት የት እንደሚገባ ደግሞ አስቡት። ባለቤቱ ራሱ የሚቀይረው አለ፣ የኢንስታግራም ባዮ፣ የፌስቡክ ገፅ፣ የቴሌግራም ቻናል መግለጫ፣ የኢሜል ፊርማ፣ እነዚህ አንድ ማታ ቁጭ ብሎ ይጨረሳሉ። በገንዘብ የሚቀየር አለ፣ ካርድ፣ ታፔላ፣ የመኪና ላይ ፅሁፍ። ከዛ ደግሞ ማንም የማይቀይረው አለ፣ ሌላ ሰው ብሎጉ ላይ የፃፈው፣ ማውጫ ላይ የገባው፣ የሰው ቻት ውስጥ የተቀመጠው።

ኪውአር ኮድን ለብቻው ላንሳ። ተራው ኪውአር ኮድ ውስጥ ያለው ራሱ አድራሻው ነው፣ እነዛ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች የሊንኩን ፊደሎች ነው የያዙት፣ ከየትም ጋር አይገናኙም፣ አንዴ ከታተመ በኋላ የሚቀየርበት መንገድ የለም። ስለዚ በቢዝነስ ዶት ሳይት አድራሻ የታተመ ኮድ ሁሉ በጁን 10 ሞቷል። "ዳይናሚክ" የሚባለው አለ፣ እሱ መድረሻው ይቀየራል፣ ግን የሚቀየረው መጀመሪያ ወደ ኮድ ሰሪው ኩባንያ አጭር ሊንክ ወስዶ ከዛ ስለሚያሻግራችሁ ነው፣ ክፍያው ከቆመ ወይ ኩባንያው ከተዘጋ ያም ይሞታል። ያው ጥያቄ ነው ተመልሶ የሚመጣው፣ መሀል ላይ ያለው አድራሻ የማን ነው?

ማዛወሩ ለምን አልበቃም

ዌብሳይት አድራሻ ሲቀይር የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፣ ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ ቋሚ ሪዳይሬክት ይደረጋል፣ 301 የሚባለው። ሰውም ሰርች ኢንጂኑም ድሮ በሚያውቀው ገብቶ አዲሱ ጋር ይደርሳል። ጎግል ለዌብሳይት ባለቤቶች በሚሰጠው መመሪያ ላይ ይሄ ሪዳይሬክት በተቻለ መጠን ረጅም ጊዜ፣ በጥቅሉ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። እዚህ የቆየው ሶስት ወር አካባቢ ነው፣ የሚወስደውም ወደ ፕሮፋይሉ እንጂ ባለቤቱ ወደሰራው አዲስ ሳይት አይደለም። በፌብሯሪ ተሯሩጦ አዲስ ሳይት ያዘጋጀ ሰው እንኳን የድሮውን አድራሻ "ሰዎቹን ወደዚህ ላካቸው" ብሎ ማዘዝ አልቻለም፣ ዶሜኑ የጎግል ስለሆነ የማዘዝ መብቱም የጎግል ነው። የነበረው ምርጥ ነገር ፕሮፋይሉ ላይ የዌብሳይት ቦታው ውስጥ አዲሱን አድራሻ ማስገባት ነበር፣ ወደ ፕሮፋይሉ የተዛወረ ሰው ከዛ በአንድ ክሊክ አዲሱ ሳይት ጋር ይደርሳል። ያንን በጊዜ ያደረገ ሶስቱን ወር በደንብ ተጠቅሞባታል።

የሚያወዳድር አንድ ነገር አለ፣ እንደውም ለኔ የዚህ ጉዳይ ትልቁ ማስረጃ እሱ ነው። በዛው ዘመን ጎግል ሌላም ትቶት የወጣው ስራ ነበር፣ ዶሜን የሚሸጥበት ጎግል ዶሜንስ። በጁን 2023 ስኩዌርስፔስ ለሚባል የዌብሳይት መስሪያ ኩባንያ ሊሸጠው መስማማቱ ተነገረ፣ ሽያጩ በሴፕቴምበር 7 2023 ተጠናቀቀ፣ የደንበኞቹ ዶሜኖችም ቀስ በቀስ ወደ ስኩዌርስፔስ ተዛወሩ። ኩባንያው ያው፣ ከስራው መውጣቱም ያው፣ አድራሻዎቹ ግን ሻጩ ስለወጣ ብቻ አልጠፉም። ለምን? ዶሜን ሲመዘገብ በባለቤቱ ስም ነው የሚመዘገበው፣ መዝጋቢው (ዶሜኑን የሚሸጠው ኩባንያ) ቢለወጥም ስሙ ይቀጥላል፣ ሲም ካርዳችሁን ይዛችሁ ቀፎ እንደመቀየር ነው። ዝውውሩ እንከን የለሽ ነበር ለማለት አይደለም፣ በጁላይ 2024 ከተዛወሩት ውስጥ የተወሰኑ የክሪፕቶ ድርጅቶች ዶሜን ተጠልፎ ነበር፣ ስለዚ ዶሜን ያለበት አካውንት ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት ግዴታ ነው። ግን በጥቅሉ ጎግል ዶሜንስ ላይ ዶሜን የነበረው ሰው እና ነፃ አድራሻ የነበረው ሰው መሀል ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ "እንግዲያውስ ጎግልን ትቼ ፌስቡክ ገፅ ብቻ ይዤ እቀጥላለሁ" ሊል ይችላል። አይሆንም፣ ያው ነው፣ ካርዳችሁ ላይ የፌስቡክ ሊንክ ካተማችሁ አድራሻው የፌስቡክ ነው። አጭር ሊንክም እንደዛው ነው። የጎግል የራሱ የሊንክ ማሳጠሪያ የነበረው "ጎ ዶት ጂኤል" ከማርች 2019 በኋላ አዲስ ሊንክ መቀበል አቆመ፣ ከዛ በ2024 የድሮዎቹ ሊንኮች በኦገስት 25 2025 ይቆማሉ ተባለ፣ ቀኑ ሊደርስ ሲል ደግሞ ሰው የሚጠቀምባቸው እንዲቀጥሉ ተወሰነ። ጥሩ ውሳኔ ነው፣ ግን አያችሁት አይደል፣ ሊንኩን ያሳተመው ሰው በጉዳዩ ላይ ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ታዲያ ምን ይደረግ

ፕሮፋይሉን አትተዉት፣ ለአካባቢ ቢዝነስ ከሱ የበለጠ ነፃ ነገር የለም፣ ፌስቡኩንም ቴሌግራሙንም አትተዉ። የምለው አንድ ነገር ነው፣ ወረቀት ላይ፣ ታፔላ ላይ፣ ኪውአር ውስጥ የሚገባው አድራሻ የራሳችሁ ዶሜን ይሁን። "ዌብሳይት የለኝም እኮ" ለሚል ሰው ደግሞ የምስራች አለው፣ ዶሜን ለመያዝ ዌብሳይት አያስፈልግም። አብዛኞቹ መዝጋቢዎች ፎርዋርዲንግ የሚባል ነገር አላቸው፣ ዶሜኑን ትገዛላችሁ፣ ዛሬ ወደ ፌስቡክ ገፃችሁ ወይ ወደ ማፕ ፕሮፋይላችሁ እንዲወስድ ታዙታላችሁ፣ ነገ ሳይት ስትሰሩ ወደ ሳይቱ ታዞሩታላችሁ፣ ካርዱ ያው ካርድ ነው። ስታስተካክሉ በስልክ ዳታ ሞክሩት፣ መጀመሪያው ላይ "ደብሊው ደብሊው ደብሊው" ኖሮም ሳይኖርም፣ "ኤችቲቲፒኤስ" ተብሎም፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ፎርዋርዲንግ በአንዱ ይሰራና በሌላው ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ማስጠንቀቂያ ያየ ደንበኛ ደግሞ አይመለስም። ስሙን ስትመርጡ ስልክ ላይ ጮክ ብላችሁ ለሰው ንገሩትና ሳትደግሙለት በትክክል ከፃፈው ጥሩ ስም ነው።

ዶሜንም ቢሆን ለዘላለም አይገዛም፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። የሚመዘገበው በዓመት ነው፣ እንደ ዶት ኮም ያሉት በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ይያዛሉ። ጊዜው ሲያልፍ ወዲያው አይጠፋም፣ እንደ መዝጋቢው የሚለያይ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከዛ 30 ቀን ተጨማሪ ክፍያ ተከፍሎ የሚመለስበት፣ ከዛ 5 ቀን የመሰረዣ ጊዜ፣ ከዛ በኋላ ማንም ይወስደዋል። የሀገር ዶሜኖች የየራሳቸው ህግ አላቸው። ሌላ መዝጋቢ ጋር መሄድ ስትፈልጉ የማዛወሪያ ኮድ ትጠይቃላችሁ፣ አዲስ የተመዘገበ ወይ በቅርብ የተዛወረ ከሆነ ብዙ ጊዜ 60 ቀን ያስጠብቃል።

ከቴክኒኩ በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ዶሜኑ በማን ኢሜል ነው የተከፈተው የሚለው ነው። ሳይት የሚሰራው ልጅ "እኔ እጨርስልሃለሁ" ብሎ በራሱ አካውንት ይገዛዋል፣ ክፉ አስቦም አይደለም፣ ለሱ ስለሚቀለው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ልጁ ስራ ይቀይራል፣ የማደሻ ማስታወቂያው የሚመጣው ወደሱ ኢሜል ነው፣ የሚከፈልበት የባንክ ካርድም የሱ ነው፣ በቃ ባለቤቱ እንደገና በሰው አድራሻ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። አካውንቱ በቢዝነሱ ኢሜል ይከፈት፣ የተመዝጋቢ ስም የሚለው ቦታ ላይ የባለቤቱ ወይ የድርጅቱ ስም ይግባ፣ ሰሪው እንደ ረዳት ይጨመር። ይሄን ስራው ሳይጀመር በፊት መነጋገር ነው፣ ከተጨረሰ በኋላ መጠየቅ ቅሬታ ይመስላል።

አሁንም የድሮው የቢዝነስ ዶት ሳይት አድራሻ የት የት እንደቀረ የማታውቁ ካላችሁ፣ አድራሻውን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ላይ ፈልጉት፣ ያለባቸው ገፆች ይወጣሉ። ከዛ ለእያንዳንዱ ገፅ ባለቤት አጭር መልእክት ላኩ፣ የገፁን ሊንክ፣ ያለበትን አረፍተ ነገር፣ እና የሚተካውን አዲስ አድራሻ በአንድ ላይ አስገቡለት፣ ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ብቻ እንዲቀረው፣ እንደዛ ሲሆን ነው ሰው ቶሎ የሚያስተካክለው። መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚያየውን ገፅ ያዙ፣ ማውጫዎቹን ቀጥሉ፣ የማይመልስ ካለ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱትና ወደሚቀጥለው እለፉ።